የአባቴ የሙከራ ዙር

አባቴ ላጲሶ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል። ጡረታ ከወጣ ሰባት ዓመት አለፈው፤ ዛሬም ታክሲ ውስጥ ሲቀመጥ ቀኝ እግሩ ፍሬን ይረግጣል። ሹፌሩ ዘግይቶ ከያዘ ምላሱን «ጭ» ያደርጋል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ያየናል። በልጅነቴ አፍርበት ነበር። አሁን ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ ማፈሩን ትቼ የሚያዩንን ሰዎች መልሼ አፈጥባቸዋለሁ።

ከሆሳዕና የመጣው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። መጀመሪያ አውቶቡስ ያጥብ ነበር፤ መሪ እስኪይዝ ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል። ወሎ ሰፈር ከጋራዦቹ ጀርባ በነበረች ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ እኔንና ታናሽ ወንድሜን አምላኩን አሳደገን። ሰፈሩ ሲፈርስ ለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየም ደረሰንና አራተኛ ፎቅ ወጣን። እናታችን ከስድስት ዓመት በፊት እዚያው ቤት አረፈች። ከዚያ ወዲህ የምንኖረው እኔና እሱ ነን። እኔ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። እሱ ጠዋት ይጸልያል፤ ቀን ቀን ደግሞ ግቢ ውስጥ ቆሞ ጎረቤቱን ሁሉ መኪና እንዴት እንደሚቆም ያስተምራል፣ ማንም ሳይጠይቀው።

አምላኩ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በኬንያ በኩል አድርጎ ደቡብ አፍሪካ ገባ። እዚያ አሌክስ ከሚባል የሆሳዕና ልጅ ጋር ትንሽ ሱቅ ከፈተ። ባለፈው ክረምት ደወለና «በጥቅምት ለአራት ቀን እመጣለሁ» አለ።

«ለአራት ቀን ሰው ይመጣል እንዴ?» ብዬ ጮህኩበት። ሱቁን ከዚያ በላይ ጥሎ መምጣት አይችልም ነበር።

አባቴ ስልኩን ከእጄ ቀማኝ። «አራት ቀን በደንብ ከታቀደ ብዙ ነው» አለው።

አምላኩ ሳቀ። «አባዬ፣ ሙዚየም ምናምን፣ ፓርክ ምናምን እያልክ እንዳታዞረኝ። እሱን ሁሉ ዩቲዩብ ላይ አይቼዋለሁ።»

አባቴ ይህን እንደ ቀልድ አልሰማውም፤ ከመሥሪያ ቤት እንደ መጣ ትእዛዝ ነው የተቀበለው። በማግስቱ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዛና ሽፋኑ ላይ በትልልቅ ፊደል «ዩቲዩብ የማያውቃት አዲስ አበባ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ቤት አልተቀመጠም። ጎሮ፣ ሰሚት፣ ቦሌ ቡልቡላ፣ አራብሳ፣ እግሩ ያልረገጠው መንደር የለም። ማታ ጫማው አቧራ ጠጥቶ ይገባና መነጽሩን አድርጎ ያነብልኛል።

«ዛሬስ ምን አገኘህ፣ ቱር ኦፕሬተሩ?» እለዋለሁ።

አንድ ቀን በኮንዶሚኒየሞች መሐል የቀረች ገብስ ማሳ አገኘሁ አለ። አንድ ቀን አውሮፕላኖች ጎማቸው እስኪታይ ዝቅ ብለው የሚያልፉበት ቦታ። ሌላ ቀን ደግሞ በጣም ኮርቶ መጣና «ሊፍቱ ተበላሽቶ የማያውቅ ሕንፃ አለ፣ ሦስት ጊዜ ሄጄ አረጋግጫለሁ» አለኝ። ይኼ እውነትም ዩቲዩብ ላይ የለም ብዬ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁበት። ተቆጣና ከዝርዝሩ አወጣው፤ በማግስቱ መልሶ ጻፈው።

እንዲህ ያለ ሰው ነው አባቴ። በሕይወቱ አንድም ቀን ለሽርሽር ወጥቶ የማያውቅ ሰው ለልጁ ሽርሽር ሲያቅድ ማየት ደስ ይል ነበር።

አምላኩ ሊመጣ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ፋርማሲ ሆኜ አሌክስ ደወለልኝ። «ዲና፣ ብቻሽን ነሽ?» አለ። ፊቴ አንዲት እናት የልጃቸውን ሽሮፕ እየጠበቁ ነበር። ሰው በዚህ ዓይነት ድምፅ «ብቻሽን ነሽ?» ሲል ምን ሊከተል እንደሚችል ማን ያጣዋል? ለሴትየዋ «በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ» ብዬ ሰጠኋቸው። ከዚያ ወደ ኋላ መጋዘን ገብቼ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩና «ንገረኝ» አልኩት። ሰኞ ዕለት ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ ሲሄድ መኪናው ተገልብጦ ወንድሜ ሞቷል።

ለአክስቴ ለሙሉነሽ ደወልኩላት። የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ በቤተሰባችን ውስጥ ሠርግም ለቅሶም ያለ እሷ አይሆንም። አለቀሰች፣ አፍንጫዋን ጠረገች፣ ወዲያው ማዘዝ ጀመረች። «ለላጲሶ ትንፍሽ እንዳትይ! ደም ግፊት ያለበት ሰው ነው። መርዶ በወጉ ይነገራል። አሌክስ አስከሬኑ እሑድ ይገባል ካለሽ፣ ቅዳሜ ንጋት ሽማግሌዎቹን ይዤ እመጣለሁ።»

«እስከዚያ እኔ ምን ልሁን?» አልኳት።

«አንቺማ ልጅ ነሽ፣ ትችዪዋለሽ» አለች። ይህን ንግግሯን እስካሁን አልረሳሁላትም።

ነገሩን የማያውቅ ሰው ጭካኔ ይመስለው ይሆናል። በእኛ ዘንድ ሰው የልጁን ሞት በስልክ፣ በመንገድ፣ ብቻውን ሆኖ አይሰማም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚይዘው ክንድ አጠገቡ ሆኖ፣ ሌሊቱን እንቅልፉን ተኝቶ ሲነጋ ነው የሚነገረው። እስኪነገረው ድረስ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሱ ብቻ አያውቅም። ሰው ሁሉ አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። ይህን እኔም ለሌሎች አድርጌያለሁ፤ አንድም ቀን ቆም ብዬ አላሰብኩበትም።

ሐሙስ ማታ አክስቴ እንደገና ደወለች። ዓርብ ዘመድ ከሆሳዕና መግባት ይጀምራል፤ ጎረቤት ቤት ያርፋሉ፤ አባቴ ፊታቸውን ካየ ነገሩን ስለሚያውቅ ቀኑን ሙሉ ከቤት አውጪው አለችኝ። ምን ብዬ ላውጣው እያልኩ ስጨነቅ እሱ ራሱ መጣ። ደብተሩን በብብቱ ይዟል።

«ነገ ፈቃድ ውሰጂ። የሙከራ ዙር አለን» አለኝ።

ድሮ አዲስ የአውቶቡስ መስመር ከመከፈቱ በፊት ሹፌሩና ተቆጣጣሪው ባዶ አውቶቡስ ይዘው መንገዱን ይሄዱት ነበር። በየፌርማታው ይቆማሉ። ሰው ሲወርድና ሲሳፈር የሚፈጀውን ጊዜ ያህል በር ከፍተው ይጠብቃሉ፤ በሰዓት ይይዛሉ፤ ያልፋሉ። አባቴ በዚህ ሥራው ስም ነበረው። የሱ መስመር ዘግይቶ አያውቅም ይባል ነበር። ለልጁም እንዲሁ ማድረግ ፈለገ።

ዓርብ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ወጣን። ደረጃው ላይ ያገኘነው ጎረቤት ሁሉ ሰላም ሲለው ዓይኑን መሬት ላይ ያደርግ ነበር። እሱ ግን ሰዓቱን እያየ ነው የሚወርደው።

ገብስ ማሳዋ ጋ ቆምን። በአራት ጎን ሕንፃ ነው፤ በረንዳው ሁሉ ልብስ ተሰጥቶበታል፣ መሐል ላይ ገብሱ ቆሟል። «እዚህ ፎቶ ያነሳል። አንድ አምስት ደቂቃ» አለ፤ እውነትም አምስት ደቂቃ ቆምን። የጥቅምት ብርድ ገና አልለቀቀም ነበር። ስልኩን አወጣና በድምፅ መልእክት ላከ። «አምላኩ፣ ልጄ፣ ገብሱ ፊት ቆሜያለሁ። አልታጨደም፤ ባለቤቱን እስክትመጣ ጠብቅ ብዬዋለሁ። በርታ፣ ጌታ ይጠብቅህ።»

ከዚያ ስልኩን አስጠግቶ አየው። «ከሰኞ ጀምሮ የላክሁት ሁሉ አንድ ጭረት ብቻ ነው። ለምን ሁለት አይሆንም?»

«መብራት ጠፍቶባቸው ነው አባዬ። ኔትወርክ አብሮ ይጠፋል።»

«እነሱም እንደኛ ናቸው በይኛ» አለና ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሞተ ብዬ መንገር የምችልበት የመጀመሪያው ቦታ ያ ነበር። በምትኩ ስለ መብራት አወራሁ።

ሁለተኛው ፌርማታ ወሎ ሰፈር፣ ጋሽ ሐምዛ ጋ ነው። የስልጤ ሰው ናቸው፤ አርባ ዓመት ጎሚስታ ሆነው የቦሌን ጎማ ሲለጥፉ የኖሩ። አምላኩ በልጅነቱ ከትምህርት ቤት እየቀረ እሳቸው ጋ የጎማ ከመነዳሪ ሲለጥፍ ይውል ነበር። አባቴ ደግሞ ቀበቶውን ይዞ እዚያ ሄዶ እሱም ጨዋታ ይዞት ይቀር ነበር። ቤታችን የነበረበት ቦታ አሁን ሆቴል ቆሞበታል፤ የቀረን ምልክት የጋሽ ሐምዛ ቆርቆሮ ብቻ ነው።

«ሐምዛ! በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጅህን ይዤልህ እመጣለሁ!» አለ አባቴ ገና ከሩቅ። «አንድ የተበሳ ጎማ አዘጋጅለት፤ እጁ ረስቶ እንደሆነ እናያለን።»

ጋሽ ሐምዛ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ከአክስቴ እንደሰሙ ያኔ ገባኝ። ራሴን በትንሹ ነቀነቅሁ፣ አያውቅም ለማለት። ሽማግሌው ወደ ነፋስ መሙያው ዞሩና ምንም ጎማ ያልተሰካበትን ማሽን አስነሱት። ማሽኑ እየጮኸ «አላህ ያውቃል፣ ላጲሶ፣ አላህ ያውቃል» ሲሉ ሰማሁ።

«ይኼ ሰውዬ ጆሮው ደክሟል» አለኝ አባቴ፤ አዘነላቸው። ደብተሩ ላይ «ሐምዛ፣ ሃያ ደቂቃ» ብሎ ጻፈ።

ቀኑ ዓርብ ስለነበር ክትፎ የሚገኝበት ቤት እስክናገኝ ጥቂት ዞርን። ዝርዝሩ ላይ የነበረው የወራቤ ሰዎች ቤት ክፍት ነበር። አባቴ ለሦስት ሰው የሚሆን ጠረጴዛ ጠየቀ። አስተናጋጇ ሦስት ሹካ አስቀምጣ «አንዱ እየመጣ ነው?» አለች።

«በሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳል» አላት። እሷ ሳቀች፤ እሱም ከት ብሎ ሳቀ። አባቴ እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ስንት ዓመቴ ነው! ስልኩን ሰጣትና ባዶው ወንበር መሐላችን ሆኖ ፎቶ አስነሳን። እኔ እጄን ልታጠብ ብዬ ተነሳሁ። መታጠቢያው ጋ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ፤ ፊቴን ታጥቤ ስመለስ የእኔን ድርሻ ክትፎ በቆጮ ጠቅልሎ ይጠብቀኝ ነበር። አጎረሰኝ። ጎረስኩ።

መጨረሻው ጎሮ ነው። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ለግንባታ የተከመረ ድንጋይ አለ፤ እዚያ ላይ ተቀመጥን። ፊት ለፊት የረር ተራራ ይታያል። አውሮፕላኖቹ አንድ በአንድ እየመጡ በራሳችን ላይ ያልፋሉ። «አምላኩም በዚህ በኩል ነው የሚገባው» አለኝ። እኔ ደግሞ እሑድን አሰብኩ፤ በዚሁ መንገድ ሳጥን ውስጥ ሆኖ እንደሚያልፍ።

ደብተሩን ዘጋው።

«ይህን ሁሉ የማዞረው ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለኝ። «እዚህ ለማድረስ ነው። እዚህ ማንም የለም። ይቅርታ ልጠይቀው ነው።»

«የምን ይቅርታ?»

«የእናታችሁን ነዋ።»

እናታችን ስታርፍ ለአምላኩ በስምንተኛው ቀን ነው የተነገረው። የአገር ልጆች ሱቁ ድረስ ሄደው እስኪያረዱት፣ እሱ በየቀኑ እየደወለ «እማዬን አቅርቡልኝ» ይል ነበር። አባቴ ደግሞ «ተኝታለች» ይለው ነበር። ከዚያ በኋላ አምላኩ አንድ ዓመት ሙሉ አልደወለልንም። በኀዘን ነው ብዬ አስቤ ነበር።

«ብቻውን እንዳይሰማ ብዬ ነው» አለ አባቴ። «ለሱ ብዬ ነው። በኋላ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹ስምንቱን ቀን ሙሉ ሱቄ ውስጥ እየዘፈንኩ ነው የዋልሁት አባዬ። እናቴ አፈር ገብታ እኔ እዘፍን ነበር። ከሰው ሁሉ አንተ እንዴት ታደርገዋለህ?› አለኝ። እውነቱን ነው። የሰው ኀዘኑ የራሱ እንደሆነ ሁሉ የሚያዝንበት ቀንም የራሱ ነው፤ እኔ ሰረቅሁት።»

አሁን ልንገረው አልኩ። ኪሴ ውስጥ የግፊት መድኃኒቱን ይዣለሁ፤ ውኃ አለኝ፤ ምን ይመጣል? አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ። ከድንጋዩ ተነሳና ፊቴ ቆመ።

«እስቲ ልሞክረው። አንቺ አምላኩን ሁኚልኝ።»

«አባዬ፣ ተው...»

«ሁኚልኝ አልኩ እኮ። ሙከራ ነው።» ኮፍያውን አወለቀ። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው። «አምላኩ፣ ልጄ፣ በድዬሃለሁ። እናትህን ስምንት ቀን ደብቄሃለሁ። ስለ ጌታ ብለህ ይቅር በለኝ።»

ጠበቀኝ። ከላያችን አውሮፕላን እያለፈ ነበር፤ ድምፁ እስኪርቅ ጠበቀኝ። በቦርሳዬ ውስጥ ስልኬ ይንቀጠቀጣል፣ አክስቴ ናት።

«ይቅር ብዬሃለሁ አባዬ» አልኩት።

ዓይኑ እንባ ሞላ። «እንዲህ ይለኛል ብለሽ ነው?»

«ይልሃል።»

እቅፍ አደረገኝ። ኮፍያውን መልሶ አጠለቀና ሰዓቱን አየ፤ «አሥራ አምስት ደቂቃ» አለ፤ ጻፈው። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰደው፤ ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ እንኳን እግሩ አልተንቀሳቀሰም።

ቅዳሜ ንጋት ላይ በሩ ሲንኳኳ ጋቢውን ለብሶ ሳሎን ውስጥ እየጸለየ ነበር። አክስቴ ገባች፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ የእድሩ ሰዎች፣ ከኋላ ጋሽ ሐምዛ። አባቴ «ግቡ፣ ግቡ» እያለ ወንበር ሊያቀርብ ተነሳና ጋሽ ሐምዛ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከወሎ ሰፈር እዚህ ድረስ፣ በዚህ ሰዓት።

«ወንድም ላጲሶ፣ ቁጭ በል» አሉት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ።

«ቆሜ ልስማው» አለ። «ልጄ ነው?»

ነገሩት። አክስቴ ወገቡን ይዛ ጮኸች፤ ጎረቤቱ ሁሉ በደረጃው ተጥለቀለቀ። እሱ አልጮኸም። «መቼ?» አለ። «ሰኞ» አሉት። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቀኖቹን ቆጠረ። ከዚያ በሰዎቹ መሐል እኔን ፈለገኝ።

«አንቺ መቼ ሰማሽ?»

«ማክሰኞ።»

«ትናንት ስስቅ ታውቂ ነበር?»

«አዎ አባዬ።»

«ጎሮስ?»

እንደ ጎረቤቶቹ ዓይኔን መሬት ላይ አደረግሁ።

«ታዲያ ትናንት ይቅር ያለኝ ማን ነው?» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቀኝ፣ መልሱን የምር እንደሚፈልግ። ከዚያ ወደ ጎን አዘነበለ። ወንዶቹ ያዙት። ውኃና መድኃኒቱን ይዤ ቀረብኩ፤ ከእጄ አልተቀበለኝም። ጋሽ ሐምዛ ወስደው ሲሰጡት ዋጠው።

እሑድ አምላኩን ቀበርነው። አክስቴ እስካሁን «በወጉ ነው ያደረግነው፣ ሰውየው እኮ በሕይወት አለ» ትላለች። ምናልባት እውነቷን ይሆናል፤ የግፊቱን ነገር ከሷ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። ቢሆንም እናደድባታለሁ። በራሴ ደግሞ ከዚያ በላይ እናደዳለሁ፤ ገብሱ ጋ፣ ክትፎው ጋ፣ ድንጋዩ ላይ፣ አራት ጊዜ አምስት ጊዜ ዕድል ነበረኝ። አባቴ ስድብም ወቀሳም አልተናገረኝም። አብረን እንበላለን፣ አብረን እንጸልያለን፣ ሲነጋ ደህና ዋይ ይለኛል።

ቀን ላይ ግን ይደውላል። «ደህና ነሽ?» ይላል። «ደህና ነኝ» እለዋለሁ። ስልኩን ይዘጋል። አንዳንድ ቀን ከአንድ ሰዓት በኋላ በፋርማሲው በር ይገባል። ከለሚ ኩራ ሁለት ታክሲ ይዞ ነው። ባለፈው ረቡዕም መጣ። ከሰዎቹ ኋላ ተሰልፎ ተራውን ጠበቀ፤ ሲደርሰው ባንኮኒው ላይ ሁለት እጁን አሳርፎ ፊቴን አየው፤ ግንባሬን፣ ዓይኔን፣ አፌን።

«በስልክ ደህና ነኝ ብዬህ ነበር እኮ አባዬ» አልኩት።

«ብለሽኛል» አለ። ለቀጣዩ ሰው ቦታ ለቀቀና ወደ ታክሲው ሄደ።